ከደሴ ኮምቦልቻ ስንወርድ፦ አቅጣጫው በግሡ ውስጥ ነው ወይስ ከግሡ ውጭ?

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። የሚያገናኛቸው መንገድ በሐረጎ በኩል እየተጠማዘዘ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ስለሆነም የደሴ ሰው ኮምቦልቻ «ሄድኩ» ከማለት ይልቅ «ወረድኩ» ማለት ይቀናዋል፤ የኮምቦልቻውም ደሴ «ወጣሁ» ይላል። ከዚህ አንድ ግሥ ብቻ ተጓዡ በየትኛው አቅጣጫ እንደሄደ ወዲያውኑ እንረዳለን። በምን ዓይነት አካሄድ እንደተጓዘ ግን ግሡ አይነግረንም። በእግሩ ይሁን በሚኒባስ፣ እየሮጠ ይሁን እያዘገመ፣ ለማወቅ ሌላ ቃል መጨመር አለበት።

ይህንኑ ጉዞ በእግሩ ያደረገውን ሰው በእንግሊዝኛ ስንገልጸው «ዎክ ዳውን» የሚሉትን ሁለት ቃላት እንጠቀማለን። የሥራ ክፍፍሉ እዚህ ላይ ተገላቢጦሽ ነው። «ዎክ» የተባለው ግሥ የሚነግረን ሰውዬው በእግሩ መራመዱን ብቻ ነው፤ ወደ ላይም፣ ወደ ታችም፣ ወደ ውስጥም፣ ወደ ውጭም ሊሆን ይችላል። አቅጣጫውን የተሸከመችው ከግሡ በስተኋላ የተቀመጠችው «ዳውን» የተባለች ትንሽ ቃል ናት። እርሷን በ«አፕ» ብንተካት ግሡ ሳይነካ ጉዞው ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል።

ውድ አንባብያን፣ ይህ የሰዋስው ጉዳይ በሳይንስ መጽሔት ላይ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ መደንገጉ ይታወቃል። የፊዚክስ ትምህርት የመጀመሪያው ትልቅ ምዕራፍ ስለ እንቅስቃሴ ነው፤ የእንቅስቃሴ ጥያቄዎች ደግሞ በአብዛኛው የሚራመድ፣ የሚሮጥ ወይም የሚነዳ ሰው አለባቸው። በአማርኛ ያደገ ተማሪ አቅጣጫን ከግሥ ውስጥ መፈለግ ለምዷል። የእንግሊዝኛውን ጥያቄ ሲያነብ ግሡን ይይዝና በስተኋላ ያለችውን ትንሽ ቃል ያልፋታል። ቀመሩን በሚገባ እያወቀ ሥዕሉን አገላብጦ ይስላል፤ የመደመር ምልክት በሚገባበት ቦታም የመቀነስ ምልክት ይገባል። በፈተና ላይ የሚጠፋው ነጥብ የፊዚክስ ይመስላል እንጂ በእውነቱ የ«አፕ» እና የ«ዳውን» ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ክብደቱ 60 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወርድ 650 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። የመሬት ስበት በእርሱ ላይ የሚሠራው ሥራ 60 በ9.8፣ ያም በ650 ሲባዛ 382,200 ጁል፣ ማለትም 382 ኪሎ ጁል ያህል ነው፤ ምልክቱም አዎንታዊ ነው። ያው ሰው በዚያው መንገድ ወደ ደሴ ሲመለስ መጠኑ አይለወጥም፤ ምልክቱ ግን አሉታዊ ይሆናል። በአማርኛ ይህ የምልክት ለውጥ «ወረደ» እና «ወጣ» በሚሉ ፈጽሞ በማይመሳሰሉ ሁለት ግሦች ስለሚገለጽ ለመሳሳት አስቸጋሪ ነው። እንዲያውም አማርኛ በዚህ አይበቃውም፤ ያንኑ አንድ ተዳፋት ወደ ላይ ለሚሄደው «ዳገት»፣ ወደ ታች ለሚሄደው «ቁልቁለት» ብሎ ይሰይምለታል። በእንግሊዝኛው ግን ግሡም ያው «ዎክ»፣ ተዳፋቱም ያው «ሂል» ሆኖ፣ የ382 ኪሎ ጁሉን ምልክት የምትወስነው ከመካከል ያለችው ትንሽ ቃል ብቻ ናት።

የፊዚክስ ተማሪ ይህን በቬክተር ሊያስበው ይችላል። ቬክተር መጠንና አቅጣጫ አለው። እንግሊዝኛ ሁለቱን ለያይቶ፣ የአካሄዱን ዓይነት ለግሡ፣ አቅጣጫውን ለትንሿ ቃል ይሰጣል። አማርኛ አቅጣጫውን በግሡ ውስጥ ይጨምረውና የአካሄዱን ዓይነት ከውጭ ያስቀምጣል። ምሳሌው ፍጹም አይደለም፤ የአካሄድ ዓይነት ማለት ፍጥነት ብቻ አይደለምና። የሚያነክስም ሰው የሚንጎራደድም ሰው በተመሳሳይ ፍጥነት ሊጓዙ ይችላሉ። ለጥናት ሲባል ግን ጠቃሚ ምሳሌ ነው።

ይህን ልዩነት በሰፊው ያጠናው አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ሌናርድ ታልሚ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌ እ.ኤ.አ. በ1972 ካቀረበው የዶክትሬት ጥናት ጀምሮ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1985 እና በ1991 ባወጣቸው ጽሑፎች፣ የዓለም ቋንቋዎች እንቅስቃሴን ሲገልጹ የጉዞውን አቅጣጫ የት እንደሚያስቀምጡ መረመረ። በአንዱ ወገን አቅጣጫውን በዋናው ግሥ ውስጥ የሚያኖሩ አሉ፤ እነ ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛ፣ ቱርክኛና የሴም ቋንቋዎች ከዚህ ይመደባሉ። አማርኛም የዚሁ የሴም ቤተሰብ አባል እንደመሆኑ ጠባዩ እንደዚያው ነው። በሌላው ወገን እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛና ሩስያኛ አቅጣጫውን ከግሡ ሥር ውጭ በምትገኝ አጃቢ ላይ ያደርጉታል። ታልሚ ይህችን አጃቢ «ሳተላይት» አላት፤ በፕላኔት ዙሪያ እንደምትዞር ጨረቃ መሆኗ ነው። ስያሜው ለፊዚክስ ሰው ጆሮ ደስ ይላል።

አማርኛ በዚህ ጉዳይ የራሱ ችግር የለበትም ማለት አይደለም። «ወጣ» የሚለውን ግሥ እንውሰድ። «ከክፍል ወጣ» ስንል ከውስጥ ወደ ውጭ መሄድ ነው፤ «ጦሳን ወጣ» ስንል ግን ከታች ወደ ላይ መሄድ ነው። ሁለቱ አቅጣጫዎች በጂኦሜትሪ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። እንግሊዝኛ የመጀመሪያውን «ዎክ አውት»፣ ሁለተኛውን «ዎክ አፕ» ብሎ እንድንመርጥ ያስገድደናል፤ አማርኛ ግን ምርጫውን ለአድማጩ ይተወዋል። ግዕዝ እንዲህ አልነበረም። በግዕዝ «ወፅአ» ከውስጥ መውጣት፣ «ዐርገ» ወደ ላይ መውጣት ነው፤ «ኦሪት ዘፀአት» እና «ዕርገት» የተባሉት ስሞች ልዩነቱን እስከ ዛሬ ጠብቀውልናል። በወሎ መድረሳዎች የተማረ አንባቢም በዐረብኛ «ኸረጀ» እና «ሰዒደ» ሁለት የተለያዩ ግሦች መሆናቸውን ያውቃል። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ዘልቀን ኦሮምኛውን ብናዳምጥ ደግሞ ሌላ መፍትሔ እናገኛለን፦ «በኤ» የሚለው ግሥ እንደ አማርኛው «ወጣ» ሁለቱንም ትርጉም ይይዛል፤ ነገር ግን ከፊቱ «ኦል» ሲገባ ወደ ላይ፣ «ገድ» ሲገባ ወደ ውጭ መሆኑ ይለያል። እነዚህ «ኦል» እና «ገድ» ከእንግሊዝኛዎቹ «አፕ» እና «አውት» ጋር ሥራቸው ይቀራረባል። ኦሮምኛ የሚናገር ተማሪ የእንግሊዝኛውን አሠራር ለመረዳት ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገውም።

ወደ እንግሊዝኛው ስንመለስ፣ ትንሿ ቃል ሁለት ዓይነት አቀማመጥ አላት። ከበስተኋላዋ የቦታ ስም ሳይኖር ብቻዋን ስትቆም ተውሳከ ግሥ ናት፤ የቦታ ስም ሲከተላት መስተዋድድ ትሆናለች። «ዎክ ኢን» ብሎ ዐረፍተ ነገሩ ቢያልቅ «ገባ» ማለት ነው፤ የት እንደገባ ከንግግሩ የታወቀ ነው። «ዎክ ኢንቱ ዘ ሩም» ማለትም «ወደ ክፍሉ ገባ» ነው። «ዎክ ኢን ዘ ሩም» ግን አብዛኛውን ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ መራመድን ያመለክታል። ሦስቱ በጽሑፍ ሲታዩ እጅግ ይቀራረባሉ። ከመካከላቸው የመጨረሻው ግን መድረሻ የለውም፤ ሰውዬው ሲንጎራደድ ቆይቶ ከተነሳበት ቦታ ላይ ቢቆም የተጓዘው ርቀት ብዙ፣ የቦታ ለውጡ ግን ዜሮ ይሆናል። በርቀትና በቦታ ለውጥ መካከል ያለው ልዩነት በዘጠነኛ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ በመሆኑ፣ በ«ኢን» እና በ«ኢንቱ» መካከል ያለውን ትንሽ ልዩነት ማየት ያስፈልጋል።

ከዚህ የባሰ ወጥመድ ያለው «ወደ» በሚለው የራሳችን ቃል ላይ ነው። «ወደ ግድግዳው ሄደ» ስንል ግድግዳው ዘንድ ደርሷል ወይስ አቅጣጫው ብቻ ወደዚያ ነው? አማርኛው ሁለቱንም ይፈቅዳል። እንግሊዝኛ ግን «ዎክ ቱ» ሲል ደረሰ፣ «ዎክ ቱዋርድ» ሲል አቅጣጫውን ያዘ ማለቱ ነው። አንድ ተማሪ ከግድግዳ 50 ሜትር ርቆ ቆሟል እንበል። 20 ሜትር «ዎክ ቱዋርድ ዘ ዎል» ካደረገ በኋላ ቢያጨበጭብ፣ ድምፁ የቀረውን 30 ሜትር ሄዶ ሲመለስ 60 ሜትር ይጓዛል። የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 340 ሜትር ነው ብንል የገደል ማሚቶው በ0.18 ሰከንድ ያህል ይደርሰዋል። «ዎክ ቱ ዘ ዎል» ቢሆን ኖሮ ግን ግድግዳው ሥር ስለሚሆን የሚለካ ማሚቶ አይኖርም፤ ጥያቄውም ትርጉም ያጣል።

«አሎንግ» እና «አክሮስ» የተባሉትም ዘጠና ዲግሪ ያህል ይለያያሉ ብንል ማጋነን አይሆንም። በአማርኛ ለመጀመሪያው «መንገዱን ይዞ»፣ «ወንዙን ተከትሎ» እንላለን፤ ለሁለተኛው «ተሻገረ» ወይም «አቋረጠ» አለን። በሰከንድ 3 ሜትር በሚጓዝ ሰፊ ጀልባ ወለል ላይ አንድ ሰው በሰከንድ 1 ሜትር ይራመዳል። ቁመቱን ይዞ ወደ ፊት ቢሄድ ከባሕሩ ዳርቻ ለሚያየው ሰው ፍጥነቱ በሰከንድ 4 ሜትር ነው፤ ወደ ኋላ ቢሄድ 2 ሜትር ነው፤ ወርዱን ቢያቋርጥ ግን በፓይታጎራስ ሕግ የ10 ካሬ ሥር፣ ማለትም 3.16 ሜትር ያህል ይሆናል። ሦስቱም መልሶች ከአንድ ግሥ፣ ከ«ዎክ» የወጡ ናቸው። እግረ መንገዳችንንም «ስሩ» እና «ፓስት» የተባሉትን እንለይ፦ በደሴ ሰኞ ገበያን ሰንጥቆ በመካከሉ ያለፈ «ዎክ ስሩ» ሲሆን፣ በአጠገቡ ያለፈ ደግሞ «ዎክ ፓስት» ነው።

እስካሁን ያልነው ትንንሾቹ ቃላት ትርጉማቸውን ሲጠብቁ ነው። ሁልጊዜ ግን አይጠብቁም፤ እዚህ ላይ የተዳፋት አገር ልጅ በተለይ መጠንቀቅ አለበት። «ዎክ ዳውን ዘ ስትሪት» ማለት አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን ይዞ መሄድ ነው እንጂ መውረድ አይደለም። እኛ በውጭ አገር ትምህርት ላይ ሳለን መንገድ በጠየቅን ቁጥር በጠረጴዛ በተመሰለ ሜዳ ከተማ ውስጥ «አፕ ዘ ስትሪት» እና «ዳውን ዘ ስትሪት» ሲባል እንሰማ ነበር። ከፒያሳ ወደ ሸዋ በር ወይም ወደ ሆጤ እግሩ ልዩነቱን እያወቀ ለሚራመድ የደሴ ሰው ይህ አነጋገር ትንሽ ያስቃል። በአውቶቡስ ውስጥ ባሉት ወንበሮች መካከል መሄድም «ዳውን» ይባላል፤ የአውቶቡሱ ወለል ግን ጠፍጣፋ ነው። እንዲሁም «ዎክ አፕ ቱ» ማለት መቅረብ፣ መጠጋት ነው። አንዲት ተማሪ በሰከንድ 1 ሜትር ወደ ጠፍጣፋ መስታወት «ዎክ አፕ ቱ» ስታደርግ ዳገት የለም፤ ያለው ምስሏ ከእርሷ አንጻር በሰከንድ 2 ሜትር መቅረቡ ነው። ለመለየት የሚረዳው ከኋላ የሚመጣው ስም ነው። ተራራ፣ ደረጃ፣ መሰላል ወይም ተዳፋት ከሆነ ከፍታው እውነተኛ ነው፤ መንገድ፣ ኮሪደር ወይም ሰው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም።

ተማሪዎቻችን ትንንሾቹን ቃላት ሲፈሩ የሚሸሹባቸው ግሦች አሉ፦ «ኤንተር»፣ «ኤግዚት»፣ «አሴንድ»፣ «ዲሴንድ»፣ «ክሮስ»፣ «ሪተርን»። እነዚህ ልክ እንደ አማርኛው ገባ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ተሻገረ፣ ተመለሰ አቅጣጫውን በውስጣቸው የያዙ ስለሆኑ ለእኛ ይቀሉናል። ምክንያቱም የታሪክ ነው። አንዳንዶቹ ከላቲን የመነጩና ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገቡ ናቸው፤ ፈረንሳይኛ ደግሞ ቀደም ሲል እንዳየነው በዚህ ረገድ ከእኛ ወገን ነው። ቃላቱ ስሕተት አይደሉም፤ በቤተ ሙከራ ሪፖርት ላይ ያምራሉ። በዕለት ተዕለት ንግግር ግን የደብዳቤ ቃና አላቸው። «ኤንተር»ን ስንጠቀም «ኢንቱ»ን አብሮ ማስገባት ደግሞ «ገባ ገባ» እንደማለት ነው፤ አቅጣጫው ሁለት ጊዜ ተነግሯልና።

የአካሄዱን ዓይነት በተመለከተ እንግሊዝኛ ሀብታም መሆኑን መካድ አይቻልም። ግሡ ከአቅጣጫ ሸክም ነጻ ስለሆነ በመቶ ዓይነት ሊለዋወጥ ይችላል፦ «ስትሮል» ዘና ብሎ ለሚንሸራሸር፣ «ሊምፕ» ለሚያነክስ፣ «ስታገር» ለሚንገዳገድ፣ «ማርች» እንደ ወታደር ለሚረግጥ፣ «ዌድ» ውኃ ውስጥ ለሚራመድ። ከእነዚህ ከማናቸውም በኋላ «ኢን»፣ «አውት»፣ «አፕ» ወይም «ዳውን» ማስከተል ይቻላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳን ስሎቢንና ባልደረባው ሩት በርማን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ ጽሑፍ የሌለውን አንድ የሥዕል መጽሐፍ ለእንግሊዝኛ፣ ለጀርመንኛ፣ ለስፓኒሽ፣ ለዕብራይስጥና ለቱርክኛ ተናጋሪዎች ሰጥተው ታሪኩን አስተርከዋቸው ነበር። መጽሐፉ እንቁራሪቱ የጠፋችበትን ልጅ ታሪክ የያዘ፣ መርሰር ሜየር እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው ነው። እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ የአካሄዱን ዓይነት በግሡ ሲያስገቡ፣ የአማርኛ የሩቅ ዘመድ የሆነውን ዕብራይስጥ የሚናገሩትን ጨምሮ ሌሎቹ «ወጣ»፣ «ገባ» በሚሉ የአቅጣጫ ግሦች ላይ አዘንብለዋል።

ከዚህ ተነሥቶ አማርኛ የአካሄድ ቃላት ድኻ ነው ብሎ መደምደም ግን አይገባም። አማርኛ አካሄዱን ከዋናው ግሥ በፊት ያስቀምጠዋል፤ «እያነከሰ ወረደ»፣ «እየተንገዳገደ ገባ»። ከዚያም በላይ በ«አለ» የሚገነቡ ቃላት አሉት። ሳይጠበቅ በድፍረት የገባ «ዘው ብሎ ገባ» ይባላል፤ ማንም ሳያየው የወጣ «ሹልክ ብሎ ወጣ» ይባላል። እነዚህን በአንድ የእንግሊዝኛ ግሥ ለመተካት የሞከረ ሁሉ ብዙ ይቸገራል። በእኛ ግምት «ዘው» የምትለዋ ቃል ፍጥነቱን፣ ድንገተኝነቱንና ያልተጋበዘ መሆኑን በአንድ ጊዜ በመያዟ ከብዙ የእንግሊዝኛ ግሦች ትበልጣለች።

አሁን ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን አድርገን አንድ ረዘም ያለ ጉዞ እንከተል። በኮምቦልቻ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ወዳለ ገበያ የምትሄድ ሴት አለች። አማርኛው እንዲህ ይላል፦ «በእግሯ ከቤት ወጥታ፣ ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ድልድዩን ተሻግራ፣ ገበያ ገባች።» እንግሊዝኛው ደግሞ፦ «ሺ ዎክድ አውት ኦቭ ዘ ሃውስ፣ ዳውን ዘ ሂል፣ አክሮስ ዘ ብሪጅ ኤንድ ኢንቱ ዘ ማርኬት።» በአማርኛው አራት ግሦች ሲኖሩ በእንግሊዝኛው አንድ ግሥ ብቻ ነው ያለው። «በእግሯ» የሚለው የ«ዎክ»ን ቦታ ይዟል፤ «ወጥታ» የ«አውት»ን፣ «ወርዳ» የ«ዳውን»ን፣ «ተሻግራ» የ«አክሮስ»ን፣ «ገባች» የ«ኢንቱ»ን። በወረቀት ላይ ለእያንዳንዷ ትንሽ ቃል አንድ ቀስት ብንስል፣ የአንዱን ጭራ ከቀዳሚው ጫፍ ጋር እያገናኘን የቬክተር ድምርን የምናገኝበትን ሥዕል እናገኛለን፤ ከመጀመሪያው ጭራ እስከ መጨረሻው ጫፍ የሚሰመረውም የቦታ ለውጧ ነው። ጥያቄ ሲነበብ «ዎክ»ን አንድ ጊዜ አይቶ ማለፍ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጡትን ትንንሽ ቃላት ግን እያንዳንዳቸውን በእርሳስ ማስመር ይጠቅማል።

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስንጽፍ የምንከተለው መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። በመጀመሪያ የአማርኛውን ዋና ግሥ ወስደን ወደ ትንሽ ቃል እንለውጠዋለን፤ ከዚያም በ«እየ» የተነገረውን አካሄድ ወደ ዋና ግሥነት እናሳድገዋለን፤ አካሄዱ ካልተነገረና በእግር መሆኑ ከታወቀ «ዎክ»ን እናስገባለን። «ሽማግሌው እያነከሱ ከግቢው ወጥተው መንገዱን ተሻገሩ» የሚለውን ብንወስድ፣ «ወጥተው» ወደ «አውት ኦቭ»፣ «ተሻገሩ» ወደ «አክሮስ» ይለወጣሉ፤ «እያነከሱ» ደግሞ «ሊምፕድ» ሆኖ ፊት ይቀመጣል፦ «ዚ ኦልድ ማን ሊምፕድ አውት ኦቭ ዘ ኮምፓውንድ ኤንድ አክሮስ ዘ ሮድ።» ለአዛውንቱ በአማርኛ የሰጠናቸው የአክብሮት አነጋገር ብቻ በእንግሊዝኛው የሚገባበት ቦታ አላገኘም።